መሣሪያው ቢጠፋስ? የአንድ ሃርድዌር ዋሌት የሥራ ማስታወሻ

ከመግዛቴ በፊት

የዚህ ሥራ ግብ አንድ ነው። የምገዛውን ሃርድዌር ዋሌት ነገ ሌባ ቢወስደው፣ ወይም እኔው ረግጬ ብሰብረው፣ ሳልደነግጥ «ይሁን፣ ሌላ እገዛለሁ» ማለት መቻል እፈልጋለሁ። ይህን በሙከራ እስካላረጋገጥኩ ድረስ ያለኝን ገንዘብ አላስገባበትም። ማስታወሻውን የምይዘውም ለዚህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያለኝ ቢትኮይንና ጥቂት ኢቴሪየም እስካሁን በአንድ የመገበያያ ድርጅት ዘንድ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚያ ያለው ገንዘብ በእጄ ያለ ገንዘብ አይደለም፤ ድርጅቱ «ዕዳ አለብኝ» ብሎ የመዘገበልኝ ቁጥር ነው። መቀመጫውን ቶኪዮ ያደረገው ማውንት ጎክስ የተባለ መገበያያ በ2014 ሲወድቅ 850,000 ገደማ ቢትኮይን መጥፋቱ ተነገረ፤ ከዚያ ውስጥ 200,000 ገደማው በኋላ ቢገኝም ደንበኞቹ የተረፈውን ለመካፈል ለዓመታት ደጅ ጠንተዋል። ኤፍቲኤክስ የተባለው ሌላ መገበያያ በ2022 መጨረሻ ላይ የኪሳራ ጥያቄ ሲያቀርብም ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ማውጣት ያልቻሉት ከቀናት በፊት ጀምሮ ነበር።

ሃርድዌር ዋሌት ሲባል ሳንቲሙ በመሣሪያው ውስጥ የሚቀመጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሳንቲሙ ያለው በብሎክቼኑ፣ ማለትም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ በሚያዘው መዝገብ ላይ ነው። መሣሪያው የሚይዘው የግል ቁልፉን (ገንዘቡን የሚያዝዘውን ምስጢራዊ ቁጥር) ብቻ ሲሆን፣ ሥራውም እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው። ኮምፒውተሩ «ይህን ያህል ወደዚህ አድራሻ ይላክ» የሚል ረቂቅ ያቀርብለታል፤ መሣሪያው ረቂቁን በራሱ ትንሽ ስክሪን ላይ ያሳየኛል፤ አዝራሩን ስጫን ይፈርምና ፊርማውን ብቻ መልሶ ይሰጣል። ቁልፉ ራሱ ወደ ኮምፒውተሩ አይሻገርም። ኮምፒውተሩ በቫይረስ የተሞላ ቢሆን እንኳ ቁልፉን መስረቅ አይችልም። እኔን አታልሎ ማስፈረም ግን ይችላል፤ ወደዚህ ጉዳይ ደጋግሜ መመለሴ አይቀርም።

ከሁለተኛ እጅ ሻጭ ላለመግዛት ወስኛለሁ። የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ በ2023 ስለመረመረው፣ ትሬዞር የተባለው ሃርድዌር ዋሌት ሐሰተኛ ቅጂ የጻፈውን አንብቤአለሁ። መሣሪያው ከውጭ ሲታይ እንከን አልነበረውም። ውስጡ ግን ዋናው ቺፕ ተቀይሮ ነበር፤ «አሁን በዘፈቀደ ያወጣኋቸው ናቸው» ብሎ የሚያሳያቸው ቃላት (ቁልፉ የሚፈልቅባቸው፣ መሣሪያው ቢጠፋም ቁልፉን የሚመልሱት 12 ወይም 24 ቃላት) አስቀድመው ከተዘጋጁ 20 ዝርዝሮች የአንዱ ነበሩ። ገዢው ገንዘቡን ሲያስገባ ሌባው ቁልፉን ከያዘ ቆይቷል ማለት ነው።

ትዕዛዙን የሰጠሁት በአምራቹ የራሱ ድረ ገጽ ነው። ለዚህ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ከፈትኩ። ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው በ2020 ሌጀር በተባለው የሃርድዌር ዋሌት አምራች ላይ የደረሰውን ያስታውስ፤ የ272,000 ገደማ ደንበኞች ስም፣ የፖስታ አድራሻና ስልክ ቁጥር ለማንም እንዲታይ ተበትኗል። የማንም ቁልፍ አልተነካም። ነገር ግን «እገሌ ክሪፕቶ አለው፣ ቤቱም እዚህ ነው» የሚል ዝርዝር በአጭበርባሪዎች እጅ ገባ።

ሣጥኑ የደረሰ ዕለት

ማሸጊያውን በጥንቃቄ ተመለከትኩ፤ አልተነካም። ብዙም አልተማመንኩበትም። የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ማንም ሊያሳትም ይችላል፤ አንዳንድ አምራቾችም ዋጋ የለውም ብለው ጭራሹን ትተውታል። ከማሸጊያው ይልቅ ሁለት ነገር ፈለግሁ። አንደኛው፣ መሣሪያው ሲበራ «አዲስ ነኝ፣ አዘጋጀኝ» ይላል ወይስ አስቀድሞ የተሰጠ ፒን ይጠይቃል? ሁለተኛው፣ በሣጥኑ ውስጥ ያሉት የቃላት መጻፊያ ካርዶች ባዶ ናቸው? ቃላቱ ተጽፈውበት የመጣ ካርድ ካለ፣ ምንም ያህል ቆንጆ የመመሪያ ወረቀት አብሮት ቢመጣ፣ ያ መሣሪያ የሌባ ነው። የእኔ ካርዶች ባዶ ነበሩ፤ መሣሪያውም ፒን አልጠየቀም።

ቀጥሎ ፕሮግራሙን ማውረድ መጣ። በበይነመረብ ፍለጋ ላይ ከላይ የሚወጣው ውጤት ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው፤ አጭበርባሪዎችም ይከፍላሉ። ስለዚህ አድራሻውን ከመመሪያው ላይ እያየሁ ፊደል በፊደል ጻፍኩት። የወረደውን ፋይል ዲጂታል ፊርማም አምራቹ ባስቀመጠው መንገድ አረጋገጥኩ። ይህ እርምጃ አሰልቺ ነው፤ መዝለል የሚያምረውም ይህንኑ ነው።

መሣሪያው መጀመሪያ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር አልተገናኘም ነበር። መብራቱ በርቷል፣ ፕሮግራሙ ግን አያየውም። ነገሩ የዩኤስቢ ገመዱ ነበር። አንዳንድ ገመዶች ኤሌክትሪክ ብቻ እንጂ መረጃ አያስተላልፉም፤ በእይታ አይለዩም። ከሣጥኑ ጋር በመጣው ገመድ ወዲያው ሠራ። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ «መሣሪያዬ አይሠራም» ብሎ በማኅበራዊ ገጽ ላይ የሚጠይቅ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ «የድጋፍ ክፍል ነን» የሚሉ መልእክቶች ይዘንቡበታል። ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚጠይቁት ቃላቱን ነው።

ፕሮግራሙ የመሣሪያውን እውነተኛነት በራሱ መንገድ መረመረና አለፈ። ከዚያ ፈርምዌሩን (በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) አደስኩ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ማደሱ ቃላቱ ከመፈጠራቸው በፊት ነው። ቢበላሽ የሚጠፋ ነገር የለም።

በዚያው ማታ፦ ፒንና 24ቱ ቃላት

ስልኬን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩ፤ የኮምፒውተሩን ካሜራ ሸፈንኩ። ፒኑን ስመርጥ የልደት ቀንና የስልክ ቁጥር አልነካሁም። ፒን የሚከላከለው መሣሪያውን በእጁ ያገኘውን ሰው ነው። ሌጀር ከ3 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ራሱን ባዶ ያደርጋል፤ ትሬዞር በየሙከራው የጥበቃ ጊዜውን እያራዘመ ሄዶ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ይደመስሳል። ስለዚህ አጭር ቢሆንም ሊገመት የማይችል ፒን ይበቃል።

ቃላቱ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ በቃላቱ ላይ የሙከራ ገደብ የሚባል ነገር የለም። የሚመጡት በ2013 ከወጣው ቢፕ-39 ከተባለው ደንብ ነው። ዝርዝሩ 2,048 የእንግሊዝኛ ቃላት አሉት፤ በ«አባንደን» ይጀምራል፣ በ«ዙ» ያበቃል። እያንዳንዱ ቃል 11 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ የሆነ ምልክት) ይይዛል። 24 ቃላት 264 ቢት ናቸው፤ 256ቱ እውነተኛ ዘፈቀደ ሲሆኑ የቀሩት 8ቱ ለስህተት መፈተሻ ናቸው። 12 ቃላት የሚሰጡት 128 ቢት ዘፈቀደ ነው፤ ይህም ማንም በግምት ሊደርስበት ከሚችለው እጅግ የራቀ ነው። 24 የመረጥኩት መሣሪያው ስላቀረበልኝ ነው እንጂ በ12ቱ የሚጠቀሙትን «ተጋልጣችኋል» የሚሉ ሰዎች ያጋንናሉ።

ወሳኙ የቃላቱ ብዛት ሳይሆን ዘፈቀዱ እውነተኛ መሆኑ ነው። በ2023 ሊብቢትኮይን ኤክስፕሎረር የተባለው ፕሮግራም 24 ቃላት ሲያወጣ እንኳ ከበስተጀርባው 32 ቢት ዘፈቀደ ብቻ ይጠቀም እንደነበር ታወቀ። 32 ቢት ማለት 4.3 ቢሊዮን ያህል አማራጭ ነው፤ ለሰው ብዙ ይመስላል፣ ለኮምፒውተር ግን የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ሰዎች ተዘርፈዋል። መሣሪያውን ጨርሶ የማያምን ሰው በዳይስ ራሱ ዘፈቀዱን የሚፈጥርባቸው ሞዴሎች አሉ፤ ለ256 ቢት 99 ጊዜ መወርወር ያስፈልጋል። የእኔው መሣሪያ ይህንን አይፈቅድም፤ ፈርምዌሩ ግን ለማንም የተገለጠና በብዙ ሰው የተመረመረ በመሆኑ አልተጨነቅሁም።

መሣሪያው ቃላቱን አንድ በአንድ ማሳየት ጀመረ። በእስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከነቁጥራቸው ጻፍኩ። በዝርዝሩ ውስጥ ማንኛውም ቃል በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ከሌላው ይለያል፤ ደንቡ ሆን ተብሎ የተሠራው እንዲህ ነው። ሆኖም «አክት» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ራሱን ችሎ አለ፤ ከኋላው ደግሞ «አክሽን»፣ «አክተር»፣ «አክትረስ» እና «አክቹዋል» ተሰልፈዋል። መጨረሻው የተድበሰበሰ የእጅ ጽሑፍ ከአሥር ዓመት በኋላ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ቃል ጻፍኩ፤ በሦስት ፊደል የሚያበቃ ቃል ሲገጥመኝ ደግሞ ከኋላው መስመር አሰመርኩ፤ እዚህ አበቃ ለማለት።

ፎቶ የለም፤ የኮምፒውተር ፋይል የለም፤ ለራስ የተላከ ኢሜይል የለም። ስልክ ፎቶውን ሳይጠይቅ ወደ በይነመረብ ማከማቻ ሊልከው ይችላል፤ በፎቶዎች ውስጥ ያለን ጽሑፍ እያነበቡ እነዚህን ቃላት የሚያድኑ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞችም አሉ።

ካርዱን ከማስቀመጤ በፊት መሣሪያው የሚያሳየውን የመጀመሪያ የቢትኮይን መቀበያ አድራሻ በሌላ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ነገ ለምን እንደሚያስፈልገኝ ይታያል።

በማግሥቱ፦ ማጥፋት

የዛሬው ሥራ መሣሪያውን ሆን ብሎ መደምሰስ ነው። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ የሚዘለው ገንዘቡን አስቀድሞ አስገብቶ ስለሚፈራ ነው። አሁን ባዶ ስለሆነ የምፈራው ነገር የለም።

የተሳሳተ ፒን ደጋግሜ አስገባሁ። መሣሪያው አስጠነቀቀ፤ ቀጠልኩ፤ በመጨረሻም ተደመሰሰና እንደ አዲስ ዕቃ ሰላምታ ሰጠኝ። ትናንት የነበረው ቁልፍ አሁን በዓለም ላይ ያለው በወረቀቴ ላይ ብቻ ነው።

«ነባር ዋሌት መልስ» የሚለውን መርጬ ቃላቱን በመሣሪያው በራሱ አዝራሮች ማስገባት ጀመርኩ። አድካሚ ነው። ሁለት አዝራር ባለው መሣሪያ ላይ ፊደል መምረጥ ትዕግሥት ይፈትናል፤ ደግነቱ ጥቂት ፊደላት ከገቡ በኋላ መሣሪያው የቀሩትን አማራጮች ራሱ ያቀርባል። በኮምፒውተሩ ኪቦርድ መጻፍ ይፈጥን ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ በኪቦርድ የተጻፈ ቃል ሃርድዌር ዋሌት የመግዛትን ትርጉም ያጠፋዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ሞከርኩ። ሁለት ቃላትን ቦታ አቀያይሬ አስገባሁ። መሣሪያው ሁሉንም ተቀብሎ መጨረሻ ላይ «ልክ አይደለም» አለ። መፈተሻው የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ይህ መፈተሻ ዋስትና አይደለም። በ24 ቃላት ላይ የተሳሳተ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ ከ256 አንድ ነው፤ በ12 ቃላት ላይ ደግሞ መፈተሻው 4 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ16 አንድ ነው። እንዲህ ሆኖ ካለፈ መሣሪያው ምንም ስህተት ሳይናገር ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፍታል። «ተቀበለኝ» ማለት «ትክክል ነው» ማለት ስላልሆነ ነው ትናንት አድራሻውን የገለበጥኩት።

ትክክለኛውን ቅደም ተከተል አስገባሁ። የመጀመሪያውን መቀበያ አድራሻ ከፈትኩና ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። አንድ ነው። ከዚህ በኋላ መሣሪያው ዕቃ ብቻ ነው።

አንድ ማስታወሻ ከካርዱ ጀርባ ጨመርኩ፦ የአካውንቱ ዓይነት። ከአንድ የቃላት ስብስብ ብዙ ዓይነት አድራሻ ይወጣል፤ በ«ቢሲ1» የሚጀምሩት አሉ፣ በ3 የሚጀምሩት አሉ፣ በ1 የሚጀምሩት የቆዩት አሉ። ነገ በሌላ አምራች መሣሪያ ላይ ቃላቱን መልሼ ዜሮ ቢታየኝ ገንዘቡ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው በሌላኛው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የእኔ ቢፕ-84 የሚባለው፣ በ«ቢሲ1» የሚጀምረው ነው፤ ጻፍኩት።

ብረቱ

ወረቀት በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀጣጠላል፤ ውኃም ይበቃዋል። ቃላቱን በብረት ላይ ለማስፈር ወሰንኩ። አሉሚኒየም ለመምታት ይቀላል፤ ግን በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለቤት እሳት አላመንኩትም። የማይዝገው ብረት ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል።

ዝግጁ ኪት መግዛት ይቻላል። እኔ ግን ወፈር ያለ የማይዝግ ብረት ሳህን፣ የፊደል መምቻና መዶሻ ያዝኩ። በመጀመሪያ በተራ ቁራጭ ብረት ላይ እጄን አለማመድኩ። መምቻው ላይ ያለው ፊደል ወደ ኋላ የተገለበጠ ስለሆነ በዓይን አይቶ አቅጣጫውን መለየት ያሳስታል፤ «ኤም» ተገልብጣ «ደብልዩ» ትመስላለች፣ «ኤን» በጎኗ ከወደቀች «ዜድ» ትሆናለች። በእያንዳንዱ መምቻ ጎን፣ ከፊደሉ አናት በኩል፣ በቋሚ ቀለም ነጥብ አደረግሁ፤ ነጥቡ ሁልጊዜ ወደ ላይ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ፊደሉን ሳይሆን ነጥቡን ይፈልጋል።

በቃል አራት ፊደል ብቻ መታሁ፤ ይበቃል። ድምፁ ግን ጎረቤት ያስጠይቃል። ሥራውን ለጽሑፍ ቀራጭ መስጠት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ፦ አይቻልም። ቀራጩ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ማሽን ግን ቃላቱን ሊያስቀር ይችላል።

ሳህኑና ካርዱ በአንድ ጣሪያ ሥር አይኖሩም። ፒኑም ከሁለቱ ጋር የለም። ቃላቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ ማስቀመጥ ብልህነት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ አልወደድኩትም። ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ 12 ቃላት ለሁለት ከተከፈሉ ደግሞ ግማሹን ያገኘ ሌባ የቀረውን ፈልጎ ሊደርስበት ወደሚችልበት ክልል ይቀርባል። መክፈል የፈለገ ሰው ለዚያ ተብሎ የተሠራ ዘዴ አለለት፤ የሻሚር ክፍፍል የሚባለውን (ከክፍሎቹ የተወሰኑት ሲሰበሰቡ ብቻ ምስጢሩን የሚመልሰውን ዘዴ) የሚደግፉ መሣሪያዎች አሉ፣ ከሦስት ቁልፎች ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ የሚከፈት ዋሌት ማዘጋጀትም ይቻላል። ለእኔ መጠን ሁለቱም ከልክ በላይ ናቸው።

የመጀመሪያው መቀበል

ትንሽ ቢትኮይን ከመገበያያው ላክሁ፤ ቢጠፋ የማያስቆጭ መጠን።

አድራሻውን ኮምፒውተሩ ላይ አይቼ ብቻ አልገለበጥኩም። «በመሣሪያው ላይ አሳይ» የሚለውን ተጭኜ ሁለቱን አስተያየሁ። የተገለበጠን አድራሻ በሌባ አድራሻ የሚቀይሩ ቫይረሶች የተለመዱ ናቸው፤ እኔ የእኔን ገልብጬ የምለጥፈው የእነሱን ይሆናል። በ«ቢሲ1» የሚጀምሩ አድራሻዎች የፊደል ስህተትን የሚይዝ መፈተሻ አላቸው፤ ሙሉ በሙሉ የተቀየረ አድራሻ ግን የራሱ ትክክለኛ መፈተሻ ስላለው ምንም አይያዝም። መያዝ የሚችለው የሰው ዓይን ነው። በመገበያያው ገጽ ላይ ከለጠፍኩ በኋላም እንደገና አመሳከርኩ፤ መጀመሪያውን፣ መጨረሻውን፣ መሃሉንም።

መሃሉን የምለው በምክንያት ነው። አጭበርባሪዎች የአንድን ሰው ዝውውር ከብሎክቼኑ ላይ ያዩና መጀመሪያና መጨረሻው ተመሳሳይ የሆነ አድራሻ ፈጥረው ኢምንት ወይም ዜሮ መጠን ይልኩለታል። ዓላማው በታሪክ ዝርዝሩ ውስጥ መቀመጥ ነው፤ ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ ከዝርዝሩ ላይ ሲገለብጥ የእነሱን ያነሳል። በኢቴሪየምና ትሮን በተባለው ሌላ ብሎክቼን ላይ በብዛት ይታያል። ከታሪክ ዝርዝር ላይ አድራሻ አልገለብጥም።

ብሎክ (አንድ ላይ የሚመዘገቡ ዝውውሮች ጥቅል) በአማካይ በ10 ደቂቃ ይወጣል፤ ዝውውሩ በመጀመሪያው ብሎክ ገባ፤ 6 ማረጋገጫ እስኪሞላ፣ ማለትም ሌሎች ብሎኮች በላዩ እስኪደራረቡ፣ ሌላ ሥራ ሠራሁ።

ለሚቀጥለው መቀበል ፕሮግራሙ አዲስ አድራሻ አቀረበ። የድሮውም ይሠራል፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ ናቸው። አዲሱን መጠቀም የሚጠቅመው ማንም ሰው ያለኝን ሁሉ በአንድ አድራሻ እንዳያይ ነው። በዚሁ ምክንያት «ኤክስፐብ» የሚባለውን፣ የአካውንቱ አድራሻዎች ሁሉ የሚወጡበትን ረጅም ጽሑፍ ለማንም አልሰጥም። ገንዘብ አያስወጣም፤ የአካውንቱን ጓዳ ግን ሁሉ ያሳያል።

መላክም ይሞከር

መግባቱን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። መውጣቱን ያላረጋገጥኩት ገንዘብ ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ አይመስለኝም። ከገባው ላይ ጥቂቱን ወደ መገበያያው መልሼ ላክሁ። መሣሪያው በስክሪኑ ላይ መጠኑን፣ አድራሻውንና ክፍያውን አሳየ፤ አነበብኩ፤ አጸደቅሁ።

ክፍያው የሚሰላው በሚላከው ገንዘብ መጠን ሳይሆን ዝውውሩ በብሎኩ ውስጥ በሚይዘው ቦታ ነው። ብዙ ጥቃቅን ገቢዎችን አንድ ላይ አድርጎ መላክ አንድ ትልቅ ገቢ ከመላክ ይወደዳል። ስለዚህ ከመገበያያው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከማውጣት ሰብሰብ አድርጎ ማውጣት ይሻላል።

ኢቴሪየም፣ ወይም መሣሪያው የማያድንበት ቦታ

የቢትኮይን ዝውውር ቀላል ነው፤ ከዚህ ወደዚያ፣ ይህን ያህል። ኢቴሪየም ላይ የምፈርመው አንዳንድ ጊዜ የኮንትራት (በብሎክቼኑ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) ትእዛዝ ነው፤ መሣሪያውም ትርጉሙን መግለጥ ካልቻለ ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ብቻ ያሳያል። ያንን ማጽደቅ ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ነው። በየካቲት 2025 ባይቢት የተባለው መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኢቴሪየም የተዘረፈው እንዲህ ነበር። ፈራሚዎቹ ሃርድዌር ዋሌት ይዘዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይፈርምም ተደርጓል፤ ማንም ቁልፋቸውን አልሰረቀም። የሚሠሩበት ድረ ገጽ ተነክቶ በኮምፒውተሩ ላይ የተለመደውን ዝውውር እያሳያቸው፣ ወደ መሣሪያዎቻቸው የላከው ግን ሌላ ትእዛዝ ነበር። እነሱም አጸደቁት።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያለ ማብራሪያ መፈረምን የሚፈቅደውን ቅንብር ከነጭራሹ አጠፋሁት። ኮንትራት መሞከር ሲያምረኝ ጥቂት ገንዘብ ብቻ ያለበት ሌላ አካውንት አለኝ፤ ቃላቱም ሌላ ናቸው። ኮንትራቱ ገንዘቤን «ያለ ገደብ እንዲጠቀም ፍቀድ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ገደቡን ራሴ እጽፋለሁ። ያ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ ገጹ ቢዘጋም፣ መሣሪያው ቢነቀልም ይቀጥላል፤ የሚያበቃው በሌላ ዝውውር ሲሰረዝ ብቻ ነው።

ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ሳንቲም) ለሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ፦ በኢቴሪየም ላይም፣ በትሮን ላይም፣ በሌሎች ኔትወርኮችም አለ። ሲያወጡ የሚመረጠው ኔትወርክ ከመቀበያው አድራሻ ጋር አንድ መሆን አለበት። ለማንቀሳቀስም የኔትወርኩን የራሱን ሳንቲም ይጠይቃል፤ በዋሌቱ ውስጥ ዩኤስዲቲ ብቻ ኖሮ ለክፍያ የሚሆን ኢቴሪየም ከሌለ ገንዘቡ እየታየ አይላክም።

ስለ ፓስፍሬዝ

በ24ቱ ቃላት ላይ የራስን ተጨማሪ ቃል መጨመር ይቻላል። ብረቱን ያገኘ ሌባ ያለዚያ ቃል ዋናውን ዋሌት አያገኝም። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ በ2020 ክራከን የተባለው መገበያያ የደኅንነት ባለሙያዎች መሣሪያው 15 ደቂቃ ያህል እጃቸው ከገባ ከትሬዞር ውስጥ ቃላቱን ማውጣት እንደሚቻል አሳይተው ነበር፤ ከዚያ የሚጠብቀውም ጠንካራ ፓስፍሬዝ ነበር።

ነገር ግን የተሳሳተ ፓስፍሬዝ የሚባል ነገር የለም። የትኛውም ቃል አንድ ዋሌት ይከፍታል። አንዲት ትልቅ ፊደል በትንሽ ብትቀየር መሣሪያው ሳይከራከር ባዶ ዋሌት ያሳያል። ሞከርኩት፤ ይሠራል፤ ከዚያም ተውኩት። ለእኔ ቤተ ሙከራ ያለው ሌባ ከሚመጣ ይልቅ እኔ ራሴ ከዓመታት በኋላ የመርሳቴ ዕድል ይበልጣል። ስሙ በሰፊው የታወቀና ብዙ የያዘ ሰው ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

ደብዳቤው

ዛሬ በኢሜይል «መሣሪያዎ የደኅንነት ችግር ተገኝቶበታል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያረጋግጡ» የሚል መልእክት መጣ። አርማው ንጹሕ ነው፣ ቋንቋውም የተስተካከለ። የመጣው ግን ለትዕዛዙ ብዬ ወደ ከፈትኩት ኢሜይል ሳይሆን ወደ ሌላው ነው፤ አምራቹ ደግሞ ያንን አያውቀውም። ከሌጀሩ መረጃ መበተን በኋላ አንዳንዶች በፖስታ ሐሰተኛ መሣሪያ ከነደብዳቤው ደርሷቸዋል፦ «የቀድሞው አደጋ ላይ ስለሆነ በዚህ ይተኩ» የሚል። ሁሉም ወጥመድ ወደ አንድ በር ይመራል፤ ቃላቱን እዚህ ያስገቡ። ቃላቱ የሚገቡት ደግሞ መሣሪያው ውስጥ፣ በመሣሪያው አዝራር፣ እኔ መመለስ በፈለግሁ ጊዜ ብቻ ነው። መልእክቱን ሰረዝኩት።

እህቴ

እኔ ባልኖር ይህ ሁሉ ብረት ቁርጥራጭ ብረት ነው። እህቴን ጠርቼ አስረዳኋት።

«ክፉ አይንካህ! ይህን ሁሉ ለምን ትነግረኛለህ?» አለች።

«ባንክ ቢሆን ወረቀት አቅርበሽ ታስከፍቺው ነበር። እዚህ የምትሄጂበት መሥሪያ ቤት የለም።»

ቃላቱን አላሳየኋትም። የሰጠኋት ደብዳቤ ነው፤ ምን እንዳለ፣ ብረቱ ያለበትን ቦታ ማን እንደሚነግራት፣ የአካውንቱ ዓይነት ምን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ ገዝታ እንዴት እንደምትመልሰው ተጽፎበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ልርዳሽ» ብሎ ቃላቱን የሚጠይቅ ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ እንዳይሰጠው የሚል መስመር አለ። ሙሉውን ካነበበች በኋላ የጠየቀችው ጥሩ ጥያቄ ነበር፦ «መሣሪያው ራሱ ካልተገኘስ?» አያስፈልግሽም አልኳት።

ማዛወሩ

አዲስ ፈርምዌር ወጥቶ ነበር። ከማደሴ በፊት ካርዱን አመጣሁ፤ ማደስ አልፎ አልፎ መሣሪያውን ባዶ ያደርገዋልና። ያለ ችግር አለፈ፤ የመጀመሪያው አድራሻም ያው ነው።

ከዚያ ዋናውን ገንዘብ በሁለት ከፍዬ አወጣሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል ደርሶ ማረጋገጫው ሲሞላ ሁለተኛውን። መገበያያው አዲስ መቀበያ አድራሻ ስመዘግብ ለተወሰነ ሰዓት እንዳልልክ የሚያግድ ቅንብር አለው፤ ቀድሜ አብርቼው ስለነበር መጠበቅ ነበረብኝ፤ ተናደድኩ፤ ግን አላጠፋሁትም።

በመገበያያው ላይ የቀረው ጥቂት ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሹ ክፍልፋይ) ነው። ማውጫ ክፍያው ከራሱ ስለሚበልጥ እዚያው ይቆይ።